የእግር ጉዞ መንገድ ለማስፈቀድ፣ ለመሥራትና ጠብቆ ለማቆየት፦ የበጎ ፈቃደኞች የአሠራር መመሪያ

የእግር ጉዞ መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ተጓዥ አጥቶ ሳይሆን ባለቤት አጥቶ ነው። ውሃ ሲቦረቡረው የሚያይ፣ ዛፍ ሲወድቅበት የሚያነሳ፣ መሬቱ ሲሸጥ «እዚህ ላይ መተላለፊያ አለ» ብሎ ሰነድ የሚያቀርብ ሰው ስላልተመደበለት ይጠፋል። አዲስ የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ዋናው ሥራ ቁፋሮ ይመስለዋል፤ ቁፋሮው ግን ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ነው። በእንግሊዝ የፔናይን መንገድ የተባለው ረጅም የእግር ጉዞ መንገድ ሐሳብ በጋዜጣ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን መንገዱ በይፋ የተከፈተው በ1965 ነው። በመካከሉ ጦርነት ነበረ፣ በ1949 ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ስለ ገጠር መተላለፊያ የወጣው ሕግ ነበረ፣ ከሁሉም በላይ ግን ከባለመሬቶች ጋር የተደረገው ረጅም ድርድር ነበረ። በአሜሪካም ቤንተን ማካይ በ1921 ያቀረበው የአፓላችያን መንገድ በ1937 ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢገናኝም ብዙው ክፍሉ በግል መሬት ላይ በቃል ስምምነት ያልፍ ነበርና፣ በ1968 የፌዴራል ሕግ ጥበቃ እስኪሰጠው ድረስ በየጊዜው እየተቆረጠ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ነበር።

ባለሥልጣኑም ባለመሬቱም አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን አይጠሉም። የሚያሳስባቸው ከተሠራ በኋላ ማን እንደሚጠብቀው አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጥገናን በመጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነሳል።

መጀመሪያ፦ ያለውን መንገድ መመዝገብ

አዲስ መንገድ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰው አሁን የሚሄድበትን ያዙ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሙሉውን ርዝመት ሂዱ፤ አንዱ ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ሌላው ይጽፋል። መነሻውን ዜሮ አድርጉና እያንዳንዱን ብልሽት ከመነሻው ባለው ርቀት መዝግቡ። ጥሩ ምዝገባ ይህን ይመስላል፦ «1,240 ሜትር ላይ፤ ውሃ የቦረቦረው ቦይ፤ ርዝመት 18 ሜትር፣ ጥልቀት 35 ሴንቲ ሜትር፤ ምክንያት፦ ከላይ የሚመጣው ውሃ መውጫ የለውም፤ መፍትሔ፦ ሁለት ማፋሰሻ።» (ማፋሰሻ ውሃውን ከመንገዱ ወደ ውጪ የሚያስወጣ ዝቅ ተደርጎ የተላጨ ቦታ ነው።) «መንገዱ ክፉኛ ተጎድቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለበጀት ክፍልም ለቆፋሪም አይጠቅምም።

በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ነው። ቦይ የተቦረቦረው መንገዱ ውሃ በሚወርድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከሆነ አፈር መሙላት ከንቱ ድካም ነው፤ የሚቀጥለው ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። መንገዱ እየሰፋ የሄደው መካከሉ ጭቃ ሆኖ ሰው በዳር በዳር ስለሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሥራው ያለው በዳሩ ሳይሆን በመካከሉ ላይ ነው።

የስልክ ጂፒኤስ በጥቅጥቅ ደንና በገደል ሥር ብዙ ሜትሮች ሊስት ይችላል። በመለኪያ ጎማ ወይም በ50 ሜትር የመለኪያ ገመድ የተለካውን ርቀት እንደ ዋና፣ ጂፒኤሱን እንደ ማመሳከሪያ ያዙ። ፎቶ ስታነሱ ጎኑ ላይ ምልክት ያለው በትር አቁሙ፤ ጥልቀቱ እንዲታይ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ቦታ ዳግም ማንሳት እንዲቻል።

የሚመቻችሁን ብሩህ ቀን ለጉዞ ተዉትና ምዝገባውን በዝናብ ወይም ዝናቡ ባባራ ማግስት አድርጉ። ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደሚወጣ በዓይን የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በደረቅ ወቅት የተሠራ ምዝገባ ጉዳቱን ያሳያል፣ ምንጩን ግን ይደብቃል።

የተጓዥ ቆጠራም ያስፈልጋችኋል። አንድ ቦታ ምረጡ፤ በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላም ለሁለት ሰዓት ያህል ቁጠሩ። የሄደው ሰው ሲመለስ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ብቻ ያዙ፤ የአየሩን ሁኔታ ጻፉ። የአንድ በዓል ቀን ቁጥርን በ365 አባዝቶ ማቅረብ የቡድኑን ስም የሚያበላሽ ስሕተት ነው፤ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ይህን ካገኘባችሁ ሌላውንም ቁጥራችሁን አያምንም።

ሁለተኛ፦ መሬቱ የማን እንደሆነ ማወቅ

መስመሩን በካርታ ላይ አስፍሩና ከመሬት ይዞታ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ አራት ነገር ጻፉ፦ ባለቤቱ ወይም ባለይዞታው ማን ነው፣ መሬቱን በእውነት የሚጠቀምበት ማን ነው፣ መተላለፊያው አሁን በምን መብት ላይ ቆሟል፣ በዓመቱ ውስጥ ሰው ማለፍ የሌለበት ወቅት አለ ወይ። ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሉታል። መሬቱን ተከራይቶ ከብት የሚያሰማራበት ሰው ሳይጠየቅ ከባለቤቱ ጋር የተፈረመ ውል የመጀመሪያው በር ክፍት ሆኖ ባደረ ማግስት ይፈርሳል።

ፈቃድ ሦስት ዓይነት ነው። የቃል ፈቃድ ባለመሬቱ ሲለወጥ አብሮ ያበቃል። በጽሑፍ የተሰጠና በማስጠንቀቂያ ሊሻር የሚችል ፈቃድ ለጅምር ይበቃል፤ ባለመሬቱም ስለማይታሰርበት ለመስጠት አይከብደውም። በመሬቱ መዝገብ ላይ የሚሰፍር የመተላለፊያ መብት ግን መሬቱ ቢሸጥም ቢወረስም ይኖራል። ድልድይ፣ የድንጋይ ደረጃ ወይም ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ነገር ለመሥራት ካሰባችሁ ከሦስተኛው በታች ባለ ፈቃድ ላይ አትጀምሩ።

ወደ ባለመሬቱ ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ መስመር የተሠመረበት ካርታ ግን አትያዙ። በመሬቱ ላይ ሌላ ሰው አስቀድሞ መስመር ሠምሮ ሲያይ የማይከፋው የለም። ባዶ ካርታ ይዛችሁ «ሰው ቢያልፍ ከሁሉ የሚሻለው በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያሳያችሁ መስመር እናንተ ካሰባችሁት ይሻላል፤ ረግረግ የሚሆነውን ቦታና የጎርፉን መውረጃ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ሥጋቶቹ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያዩም፦ ክፍት የሚተው በር፣ የሚለቀቅ ውሻ፣ ቆሻሻ፣ የሚረገጥ ሰብል፣ በመኖሪያ ቤት መስኮት የሚያልፍ ሰው፣ «አንድ ሰው ቢጎዳ እኔ እጠየቃለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ። ለመጀመሪያዎቹ የሥራ መልስ ስጡ፦ በራሱ ክብደት የሚዘጋ በር፣ በማሳው ጠርዝ የሚሄድ መስመር፣ ከብት በሚወልድበትና እህል በሚሰበሰብበት ወቅት መንገዱን የሚዘጋ ማስታወቂያ። ለመጨረሻው ጥያቄ ግን በግምት አትመልሱ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያልና ከሕግ ባለሙያ የተጻፈ መልስ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቡድኑ መድን ካለው የመድኑን ሰነድ ቅጂ አያይዙ።

እምቢ ቢሏችሁ አመስግናችሁ ውጡና መስመሩን አዙሩ። ዛሬ በአክብሮት የተተወ መሬት ባለቤት ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎረቤቱ ያለ ችግር ሲኖር አይቶ ራሱ የሚጠራችሁ ጊዜ አለ፤ በግፊት የተገኘ ፈቃድ ግን ዕድሜ የለውም።

ሦስተኛ፦ ጥያቄውን ማቅረብ

ከትንሽ ጀምሩ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ አዲስ 20 ኪሎ ሜትር መሆን የለበትም፤ «ከዚህ እስከዚህ ያለውን 2 ኪሎ ሜትር ለአንድ ዓመት በነጻ እንድንጠግን ፍቀዱልን» የሚል ይሁን። ይህን እምቢ ማለት ለማንም ይከብደዋል። ዓመቱ ሲያልቅ በእጃችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ የፎቶ ማስረጃና የሰዓት መዝገብ ይኖራችኋል፤ ትልቁን ጥያቄ የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው።

የጽሑፍ ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ካርታና ፎቶ በአባሪ ይሂዱ። በገጹ ላይ መኖር ያለበት፦ ምን እንደምትጠይቁ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ መስመሩ የሚያልፍባቸው ባለመሬቶች ምን እንዳሉ፣ ሥራውን ማን በስንት ሰዓት እንደሚሠራው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የምትፈልጉት ምን እንደሆነ፣ ከተሠራ በኋላም በየዓመቱ ማን እንደሚጠግነው። የመጨረሻውን በቁጥር አስቀምጡ። ለምሳሌ 8 ኪሎ ሜትር መንገድ በአራት ጥንድ ቢከፈል ለእያንዳንዱ ጥንድ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል፤ በዓመት ሦስት ጊዜ አራት አራት ሰዓት ቢሠሩ ስምንት ሰው በድምሩ 96 ሰዓት ይሰጣል። የስምንቱን ሰዎች ፊርማ አያይዙ። «ማኅበረሰቡ ይንከባከበዋል» ከሚል አንድ ሙሉ ገጽ ይልቅ እነዚያ ስምንት ፊርማዎች ይከብዳሉ።

የበጀት ረቂቅ የሚዘጋጅበትን ጊዜ ጠይቃችሁ እወቁ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ የደረሰ ማመልከቻ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ከመሥሪያ ቤቱም ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን ፋይሉን የሚይዘውን ባለሙያ ፈልጉ፤ ኃላፊው ሲቀየር ፋይሉ የሚቀረው በእርሱ እጅ ነው።

በሕዝብ ስብሰባ ላይ ስትናገሩ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ ይበቃል። ብዙ ሰው ካላችሁ ሁሉም ያንኑ አይድገም፤ አንዱ ስለ ደኅንነት፣ አንዱ ስለ ተማሪዎች፣ አንዱ ስለ ጥገናው ሰዓት ይናገር፤ ሌሎቹ ተነስተው በመቆም ብቻ ድጋፋቸውን ያሳዩ። መስመሩ የሚያልፍበት አንድ ባለመሬት በራሱ አንደበት «እኔ ተስማምቻለሁ» ካለ ደግሞ የእናንተ ንግግር ሁሉ ያንን አያክልም። የእሳት አደጋና የነፍስ አድን ሠራተኞችን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበርን ቀድማችሁ አነጋግሩና የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ደብዳቤው በራሳቸው ቃል ይጻፍ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ማን እንደጻፈው ይታወቃል።

ከስብሰባው በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተባባላችሁትን በጽሑፍ ላኩ፦ ማን ምን ለማድረግ እስከ መቼ ቃል ገባ። ሲፈቀድላችሁ የሚፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ እነዚህን በግልጽ ይወስን፦ ዛፍ የመቁረጥ ፈቃድ የማን ነው፣ መሣሪያና መድን የሚያቀርበው ማን ነው፣ አደጋ ሲደርስ ለማን ይነገራል፣ መስመሩን ለመቀየር የማን ስምምነት ያስፈልጋል፣ ሰነዱ የሚጸናው ለስንት ዓመት ነው፣ ለማቋረጥስ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

አራተኛ፦ መስመሩን በመሬት ላይ መምረጥ

የመንገዱ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ነው። ሦስት ደንቦች ያዙ። አንደኛ፣ መንገዱ የተራራውን ጎን ይዞ ይሂድ፤ ቀጥ ብሎ ቁልቁል አይውረድ። ሁለተኛ፣ የመንገዱ አቀበት ከተራራው ጎን ተዳፋት እኩሌታ አይብለጥ። ጎኑ 30 በመቶ ከሆነ (በ100 ሜትር ርቀት 30 ሜትር የሚወጣ ማለት ነው) መንገዱ 15 በመቶ መድረስ ይችላል፤ ጎኑ 12 በመቶ ከሆነ ከ6 በላይ አይሂድ። ይህን ስታልፉ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መውጣቱን ትቶ በመንገዱ ላይ መውረድ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ጎኑ የቱንም ያህል ቢቆም የመንገዱ አማካይ አቀበት 10 በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ከ15 በመቶ በላይ የሆነ ቦታ አጭርና ድንጋያማ መሬት ላይ ብቻ ይፈቀድ።

ሜዳ መሬት ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን እርሱ ነው። ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው ይተኛል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ዝቅ ይላል፣ ኩሬ ይሆናል። ከሜዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ተዳፋት ምረጡ።

አቀበት መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገባቸው ሁለት በትሮች፣ 10 ሜትር ሲባጎና በገመድ ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክ ይበቃል። ሲባጎውን ወጥሩ፤ የውሃ ልኩ መካከል ላይ ይሁን፤ ቀጥ ሲል የሁለቱን በትሮች ቁጥር አንብቡ። በላይኛው በትር 50፣ በታችኛው 150 ላይ ካረፈ ልዩነቱ 100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ10 ሜትር ላይ 1 ሜትር ማለት 10 በመቶ ነው። የተራራውን ጎን ስትለኩ ግን በትሩ ስለማይበቃ ሲባጎውን ወደ 2 ሜትር አሳጥሩ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከሆነ ጎኑ 40 በመቶ ነው።

በመጀመሪያ የግድ የምትደርሱባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ፦ ወንዝ የሚሻገሩበት ጥሩ ቦታ፣ ኮርቻ (በሁለት ጫፎች መካከል ያለ ዝቅተኛ ማለፊያ)፣ ማየት የሚያስደስት ዐለት። ቀጥሎ የማትነኳቸውን፦ ረግረግ፣ የመቃብርና የአምልኮ ስፍራ፣ ወፎች የሚፈለፍሉበት፣ የሚንሸራተት አፈር። መስመሩ በእነዚህ መካከል ራሱን ይፈልጋል። በየ5 ሜትሩ ገደማ በዓይን ከፍታ ባለ ቀለም ሪባን እሠሩና ከሁለቱም አቅጣጫ ተመላለሱበት። ከዚያ ሥራውን ሳትጀምሩ በሌላ ወቅት ተመለሱ፤ መስመሩን ያላየ ሰውም ይሂድበት። እግሩ ወደ ሌላ ቦታ የሚስበው ከሆነ በኋላ አቋራጭ የሚወጣው ከዚያ ላይ ነው።

አቀበቱ የግድ መታጠፍ ሲኖርበት መታጠፊያዎቹን አታቀራርቡ። የታችኛው መንገድ ከላይ ከታየ ሰው ቆርጦ ይወርዳል፤ የቆረጠበትን ጎርፍ ይከተለዋል። መታጠፊያውን ከትልቅ ድንጋይ ወይም ከጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ጀርባ አስቀምጡ፤ ከቻላችሁ ደግሞ በሁለት ረጃጅም መስመሮች ተወጡት እንጂ በስድስት አጫጭር አትሥሩት።

አምስተኛ፦ መቆፈርና ውሃውን ማስወጣት

በተዳፋት ላይ የሚረገጠው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከነባሩ አፈር ተቆርጦ ይውጣ። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን በተቆፈረው አፈር መሙላት ሥራውን ያቀላል፤ የተሞላው ጠርዝ ግን ከጥቂት ዝናብ በኋላ ተንዶ ይሄዳል። ስሌቱ ይህ ነው፦ ጎኑ 40 በመቶ፣ መንገዱ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው በውስጠኛው (በተራራው በኩል ባለው) ጠርዝ ያለው መሬት ከውጪኛው 24 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መንገዱ ወደ ውጪ 5 በመቶ ያዘንብል፤ ይህ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በውስጥ በኩል የሚቆረጠው 21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሜትር ርዝመት 0.06 ሜትር ኩብ ገደማ አፈር ይወጣል፤ ለ100 ሜትር ከ6 ሜትር ኩብ በላይ፣ በተራራው በኩል የሚቀረውን የተቆረጠ ግድግዳ ለማጋደም የሚቆፈረውን ሳይጨምር። ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ወደ ኋላ አጋድሙት፤ አለበለዚያ እየተናደ መንገዱን ይሞላዋል።

መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ሥሩንና ጥቁሩን የላይ አፈር ጠርጋችሁ አውጡ፤ የሚበሰብስ ነገር የተቀላቀለበት አፈር አይጠጥርም። የወጣውን አፈር በአካፋ ርቆ እንዲበተን ወደ ታች ወርውሩት። በጠርዙ ላይ የቀረ ክምር ዝቅ ቢልም ውሃውን አስሮ በመንገዱ ላይ ያስኬደዋል፤ በየዓመቱ የሚያጋጥመው ዋናው ብልሽት ይኸው ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ጠቅጥቁት፤ ደረቅ አቧራ አይጠቀጠቅም፣ ጭቃም እንደዚሁ። ስትጨርሱ አንድ ሊትር ውሃ በውስጠኛው ጠርዝ አፍስሱና ተመልከቱ፤ መንገዱን አቋርጦ በውጪ ካልወጣ ሥራው አላለቀም።

ወደ ውጪ ማዘንበሉ ብቻውን አይበቃም፤ የሰው እግር መካከሉን እየረገጠ ያጎደጉደዋል። ስለዚህ አቀበቱ በየተወሰነ ርቀት ለጥቂት ሜትር ተገላብጦ ይውረድ። በላላ አፈር ላይ ከ10 እስከ 15 ሜትር፣ በጠንካራው እስከ 30 ሜትር ልዩነት ጥሩ መነሻ ነው። በተሠራ መንገድ ላይ ማፋሰሻ መጨመር ካስፈለገ በግማሽ ክብ ቅርጽ 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦታ ላጩና መካከሉን 15 በመቶ ያህል ወደ ውጪ አዘንብሉት። የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል 3 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዝቅተኛ ጉብታ ጠቅጥቁት፤ ውሃው ቢበረታ እንኳ ጉብታው ይመልሰዋል። ተጓዡ ማፋሰሻ መሆኑን ሳያውቅ ካለፈበት በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።

በግንድ ወይም በድንጋይ የሚሠራውን መገደቢያ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ተጠቀሙበት። ከመንገዱ ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ያዘንብል፤ መንገዱን በቀጥታ ካቋረጠ ውሃው ፍጥነቱን ያጣል፣ ደለሉን እዚያው ይጥላል፣ መገደቢያው ይሞላል፤ ከዚያ በላዩ ይፈስሳል ወይም በዳሩ አዲስ ቦይ ይቆፍራል። ድንጋዩ ሁለት ሦስተኛው ከመሬት በታች ይቀበር፤ ላዩ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ በአንድ ክረምት ይነቀላል።

ጭቃ ላይ ቅርንጫፍ መወርወር አይረዳም፤ ይበሰብስና ራሱ ጭቃ ይሆናል። መጀመሪያ ውሃውን ለማስወጣት ሞክሩ፤ ካልተቻለ ጠፍጣፋ የመርገጫ ድንጋዮች ቅበሩ ወይም ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ ሥሩ።

ስድስተኛ፦ የሥራ ቀን

ሙሉ ዘመቻ ከመጥራታችሁ በፊት 20 ሜትር የሙከራ ክፍል ሥሩና ሰዓት ቁጠሩ። ለምሳሌ ስድስት ሰው በ5 ሰዓት ከጨረሰው 30 የሰው ሰዓት፣ ማለትም ለአንድ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንድ ኪሎ ሜትር 1,500 ሰዓት፣ ለስድስት ሰው ቡድን 50 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ቃል ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ይሁን።

ለአሥር ሰው ቡድን አራት ዶማ፣ ሁለት አካፋ፣ ሁለት ሰፊ መጥረጊያ፣ አንድ ዲጂኖ፣ ሁለት የቅርንጫፍ መቁረጫ፣ አንድ የእጅ መጋዝና ሁለት ባልዲ ያስኬዳል። ማክላውድ (ባንድ በኩል ጥርስ በሌላው ስለት ያለው መጥረጊያ) እና ፑላስኪ (መጥረቢያና ዶማ በአንድ እጀታ) ከተገኙ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ለደን እሳት የተፈጠሩ ቢሆኑም ለመንገድ ሥራ ከማንም ይበልጣሉ። ካልተገኙ ደህና የተሳለ ዶማ ሥራውን ይሠራል። የደነዘ መሣሪያ ግን ስለሚንሸራተት ከስለታሙ ይልቅ ያቆስላል።

ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው አንድ ቡድን መሪ መድቡ፤ መሪው አይቆፍርም፣ ያያል። በሠራተኞች መካከል 3 ሜትር ክፍተት ይኑር። መሣሪያ በትከሻ አይያዝም፤ በቁልቁለቱ በኩል ባለው እጅ፣ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ይያዝ፤ ቢወድቁ መሣሪያውን ወደ ገደሉ ለመወርወር ይመቻል። በሌላው አጠገብ የሚያልፍ ድምፅ ይስጥ፤ የሚቆፍረው አቁሞ ዓይን ለዓይን እስኪገናኙ ድረስ አይለፍ። ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ የዓይን መከላከያ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ። የሞተር መጋዝ ሥልጠናና ፈቃድ ላለው ብቻ ይሰጥ፤ ተወጥሮ የተንጋደደ የወደቀ ግንድ ደግሞ ልምድ ላለውም አደገኛ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት መኪና የሚደርስበትን ቅርብ ቦታና ስልክ የሚሠራበትን ነጥብ በወረቀት ጽፋችሁ ለሁለት ሰው ስጡ። የአንድ ቀን ሥራ በጠቅላላው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ርዝመት አይለፍ፤ የደከመ ሰው ሲጨምር ጉዳትም ይጨምራል። የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ሁሉም ሰው የሠራውን ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሄድበት ስጡት።

ሰባተኛ፦ ጥገናው

ለእያንዳንዱ ጥንድ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሜትር በስሙ ይመደብለት። በዓመት ሦስት ጊዜ ይሂዱ፦ ዝናብ ሳይገባ፣ ዝናቡ ሲጸና፣ ዝናቡ ሲያበቃ። ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይሠራ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ፦ ሰው የሚጎዳ ነገር፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ቀጥሎ መሬትንና ሰብልን የሚያበላሽ፣ በመጨረሻ ለተጓዡ ምቾት። አብዛኛው ቡድን በተቃራኒው ይጀምራል፤ ቁጥቋጦ መመልመል ደስ ይላል፣ ሥራውም ወዲያው ይታያል፤ የተደፈነው ማፋሰሻ ግን ይቀራል። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ አካፋ ይዞ ማፋሰሻዎችን ይጥረግ።

ቁጥቋጦ ሲመለመል በላይኛው ጎን በደንብ ይመልመል። ከላይ የሚገፋ ቅርንጫፍ ሰውን ወደ ውጪኛው ጠርዝ ይገፋዋል፤ ጠርዙ ይናዳል፣ መንገዱ ዓመት በዓመት ወደ ታች ይንሸራተታል። ከፍታው 2.4 ሜትር ያህል ክፍት ይሁን፤ ቅጠሉ በዝናብ ከብዶ ሲዘነበል ለሰው ቁመት ይበቃል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ያበጠ አንገት ሳትነኩ ከእርሱ ውጪ ቁረጡ፤ ጉቶ ከተረፈ ይበሰብሳል፣ ሹል ጉቶ ደግሞ ሰው ይወጋል።

አቋራጭ መዝጋት በአንድ ቅርንጫፍ አይሆንም። የጠጠረውን አፈር በዶማ አላሉት፤ የአካባቢውን ተክል ትከሉበት፤ ግንዶች አምጥታችሁ በከፊል ቅበሯቸው፤ በሁለቱም ጫፍ ከመንገዱ ላይ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ሸፍኑት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰው ለምን እንደሚቆርጥ ጠይቁ፤ ዋናው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ከሆነ እርሱን ሳትጠግኑ አቋራጩን መዝጋት ሌላ አቋራጭ መክፈት ነው።

ለምልክት የአፓላችያን መንገድ ልማድ ይበቃል፦ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቀለም፣ በዓይን ከፍታ፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻ። ቅርፊቱ በብሩሽ ይጠረግ እንጂ አይፋቅ። መጋጠሚያ ላይ ሁለት ምልክት፣ ከመጋጠሚያው አልፎ ወዲያው ሌላ ማረጋገጫ። በየዛፉ መቀባት መንገዱን ያስቀይማል፤ ባለመሬቱንም ያስከፋል።

ስምንተኛ፦ የተሠራውን ለሚቀጥለው ጥያቄ ማዋል

በየሥራው ቀን ስም፣ ሰዓት፣ ቦታና የተሠራው መጠን በአንድ ቅጽ ይሞላ፣ ይፈረም። ብዙ የእርዳታ ሰጪዎች የበጎ ፈቃደኛን ሰዓት እንደ ቡድኑ መዋጮ ይቆጥራሉ፤ ያልተፈረመ ሰዓት ግን አይቆጠርም። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ሪፖርት ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለእያንዳንዱ ባለመሬትና ለደገፏችሁ ሁሉ ላኩ፦ የተጠረጉ ማፋሰሻዎች ብዛት፣ የተጠገነ ርዝመት፣ የሰዓት ድምር፣ ከአንድ ቦታ የተነሱ የበፊትና የበኋላ ፎቶዎች፣ ያልተሠራው ምን እንደሆነና ለምን እንደቀረ። ያልተሠራውን መደበቅ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የምትጠይቁበትን ምክንያት መደበቅ ነው።

መዝገቡ፣ ውሎቹና ካርታዎቹ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ አይቀመጡ፤ ሁለት ሰው ዘንድ በወረቀትም በዲጂታልም ይኑሩ። በመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ሲመጣ በመጀመሪያው ወር የውሉን ቅጂና የመጨረሻውን ሪፖርት ይዛችሁ ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ችግር እስኪፈጠር አትጠብቁ። መሬት ሲሸጥ አዲሱን ባለቤት አጥሩን ከማደሱ በፊት ጎብኙት። ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ በሥራ ዕቅዱ ላይ ጻፉና የእድሳቱን ጥያቄ ከስድስት ወር በፊት፣ ከዓመቱ ሪፖርት ጋር አያይዛችሁ አስገቡ።